የእትዬ ቀጭን መጽሐፍ

እኔን ያስረጀኝ ስብሰባ ነው። በዚያ ዘመን ቦንጋ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሳምንቱን ግምገማ ተቀምጦ ይሰነብትና ዓርብ ማታ አፉ መሮት፣ ወገቡ ተቆርጦ ቤቱ ይገባል። እኛ አምስት ወዳጆች ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሻይ ቤት እየተገናኘን መጽሐፍ ማንበብ የጀመርነው ከዚሁ ለመሸሽ ነበር። ለሥራ ጅማ የሄደ ሰው አንድ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ያችኑ አንዷን ተራ በተራ እናነብና ሁላችንም ስንጨርስ እናወራባታለን። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባል የለ? ሁለት ወር ሳይሞላን ሊቀመንበር መረጥን። ሰውየው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ፣ በዕድሜ ታላቃችን ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ለመምረጥ አጀንዳ ይያዛል፣ ጠቋሚው ያብራራል፣ ጠንካራ ጎን ደካማ ጎን እየተባለ ይገመገማል፣ በመጨረሻ እጅ ይወጣል። ምርጫው ብቻ ሦስት ቅዳሜ የፈጀበት ጊዜ አለ። ማን እንዳስገደደን እንጃ። ሌላ አነጋገር የረሳን ይመስለኛል።

ከአምስታችን አንዷ እትዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛን ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ሽፋኗ ከፊትም ከኋላም የተገነጠለ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በቦርሳቸው ይዘው ይመጡና በየምርጫው ይጠቁማሉ። በየምርጫው ትወድቃለች።

«የልጆች ናት» ይላሉ ጋሼ። «ለዚህ መድረክ አትመጥንም።»

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ እስኪያባራ እትዬና እኔ በረንዳው ላይ ቆመን፣ ለምን እንዲህ እንደሚሟገቱላት ጠየቅኳቸው።

«ከዳር እስከ ዳር ያነበብኳት የመጀመሪያዋ የአማርኛ መጽሐፍ ናት» አሉኝ። «ልጅቷ ከቤት ኮብልላ ብዙ ትንከራተታለች። መጨረሻ ላይ ለምን ወደ እናቷ እንዳልተመለሰች ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስንቴ ደጋገምኳት መሰለህ! የኔ አማርኛ ይሆናል አጉድሎ የሚያነበው። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ አንብባችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ነው።»

በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው። በወሩ መጨረሻ ደካ ከተማ መግባት አለባቸው።

«እንግዲህ የቀረችኝ አንድ ምርጫ ናት» አሉኝ።

«አይዞዎት እትዬ፣ ዘንድሮስ ታልፋለች» አልኳቸው። ከልቤ ነበር ያልኩት።

የምርጫው ቀን ግን ሦስት ቀን ሙሉ እኔው ራሴ ስገመገም ሰንብቼ ነበር የመጣሁት። ራሴን ያመኛል። ጋሼ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጠቆሙ፣ እትዬ ያችኑ ቀጭኗን ጠቆሙ። ለወፍራሟ ሁለት እጅ ወጣ፤ ለቀጭኗም ሁለት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጄን ለእትዬ ባነሳ ጋሼ «ምክንያትህን አስረዳ» ሊሉ ነው። እኔ አስረዳለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ ውይይቱ እንደ አዲስ ይከፈታል፣ ሌላ አንድ ሰዓት። አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ መተኛት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

«ድምፀ ተዓቅቦ» አልኩ።

ደንባችን ድምፅ እኩል ሲሆን ሊቀመንበሩ የደገፉት ያልፋል ይላል። ውጤቱን በገዛ እጄ ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁት። እትዬ ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። አፈርኩ፤ ግን ተከትዬ አልወጣሁም።

የሄዱ ቀን መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል መጽሐፏን በመስኮት አቀበሉኝ።

«ሲመችህ እያት» አሉኝ።

እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ገለጥኳት። ከእሳቸው ቀጥሎ ተራ የያዘው የሺሺንዳ መኪና ሰው ሞልቶ እስኪነሳ ጨረስኳት፤ እሷን ለመጣል የፈጀብን ስብሰባ ይበልጣል። ልጅቷ እውነትም መንገድ ላይ እንዳለች ያበቃል። ገጹ በአራት ነጥብ ነው የተዘጋው፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። እንዲያው እጄ ልማድ ሆኖበት ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስኳትና ማውጫዋን አየሁ። ሰባት ምዕራፍ ይላል። ያነበብኩት ስድስት ነው። ሰባተኛው ከኋላ ሽፋኗ ጋር ተገንጥሎ ሄዷል፤ የቀረው ማውጫው ላይ ያለው ርዕሱ ብቻ ነው፦ «እናቴ ቤት»።

ልጅቷ ተመልሳለች። የእትዬ አማርኛ ምንም አላጎደለም። ይህን የሚነግራቸው አንድ ሰው ነበር የፈለጉት፣ እኔን ደግሞ እጅ ማንሳት ደክሞኝ ነበር።