አባ ሰባትና አማካዩ

አባ ሰባት ስማቸውን ያገኙት ከጦር ሜዳ አይደለም፤ ከሰው ደጃፍ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ የጥናት መሥሪያ ቤት በር ሲያንኳኩ ኖረዋል። ከተሰጣቸው የመንገድ ማእዘን ይነሡና ቀኝ ቀኙን ይዘው በሮቹን ይቆጥራሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ኮታቸውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ያንኳኳሉ። ስድስተኛው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ባለቤቱ «ግቡ እንጂ» ቢላቸው አይገቡም። ሰባተኛው ቤት ተናካሽ ውሻ ቢኖር፣ ውሻው እስኪታሰር ድረስ ደጅ ይጠናሉ። ለምን እንዲህ ራስዎን ያደክማሉ ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ በሩን ደስ እንዳለኝ ከመረጥኩ የጠየቅሁት ራሴን ነው ይላሉ።

ባለቤታቸው በዚህ ጠባያቸው አንጀቷ አሯል። የአገሩን ሰው ሐሳብ ሲጠይቁ ኖረው የእሷን አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። አንድ እሑድ ይህንኑ አንሥታ ብትወቅሳቸው፣ የእኛ ቤት እኮ በቆጠራው አራተኛ ነው፣ ምን ላድርግ ብለው ከልባቸው አዘኑላት። እሷም ይህን ለጎረቤት ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች፤ ከሳቋ ውስጥ ግን ግማሹ እውነተኛ እንባ ነው።

በዚያ ዓመት የመጣው ሥራ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የገዘፈ ነበር። በአርባ ሁለት አገሮች፣ በአንድ ወቅት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ለሁሉም ይቀርባል ተባለ። ጥያቄው ስለ መተማመን ነው፤ ሰው በጠቅላላው ይታመናል ወይስ ሰውን መጠንቀቅ ይሻላል? ጥናቱን የሚመራው ከባሕር ማዶ ያለ ማእከል ሲሆን፣ ለየአገሩ ሁለት መቶ ገጽ የሚሆን መመሪያ ልኳል። በተመረጠው ቤት ውስጥ ካሉት አዋቂዎች የሚጠየቀው የልደት ቀኑ በቅርብ ያለፈው ብቻ ነው። ያ ሰው ቤት ከሌለ እስከ አራት ጊዜ ተመላልሶ መፈለግ ግዴታ ነው፤ ሌላውን በእሱ ፈንታ መጠየቅ አይቻልም። ጥያቄው ቃል በቃል ይነበባል። ጠያቂው በመልሱ አይደሰትም፣ አይከፋም፣ ራሱንም አይነቀንቅም።

ለዚህ ሥራ ስምንት ጠያቂዎች ተቀጠሩ፤ ለእያንዳንዳቸውም ሃምሳ ሃምሳ ሰው ደረሳቸው። አባ ሰባት መመሪያውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከስምንቱ በጣም ቀልጣፋ የሚባለው ወጣት ግን የሚንገዳገድ የሻይ ቤት ጠረጴዛ እግር ሥር አደረገው፤ ልኩም ሆነ። ይህን ወጣት ባልደረቦቹ ንፋስ ይሉታል። ሲሄድ አይታይም፣ ሲደርስ አይታይም፤ ሥራው ግን ተሠርቶ ይገኛል።

የንፋስ ዘዴ ቀላል ነበር። ለጥናቱ በተመረጠው ሰፈር እምብርት ላይ አንድ ሻይ ቤት አለ። መጠይቁ የሚሞላበት ታብሌት ጠያቂው ያለበትን ቦታ ለማእከሉ ስለሚያሳብቅ፣ ሰፈሩ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል፤ ንፋስም ይገኛል። ከአባ ሰባት በቀር ስድስቱም ሲከተሉት ጠረጴዛው ጠበባቸው። «አንተ ዛሬ ባሏ የሞተባት ነጋዴ ነህ» ይለዋል አንዱን፤ «ትናንት እኮ ጡረተኛ ነበርክ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጡረታ ላይ አይኖርም።» ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አንድ ዜጋ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ስለ ሰው ልጅ ያለውን አስተያየት ሰጥቶ ይሰናበታል። እንግዲህ ወሬኛ ወዳጆች ሻይ እየጠጡ የሚፈጥሩት ሰው ጨዋ ነው፤ ማንንም አይጠረጥርም፣ አላውቅም አይልም፣ ሲፈለግ ቤቱ ይገኛል።

አባ ሰባት ደግሞ በዚያው ሰፈር ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። በሩ ሲከፈትላቸው ባርኔጣቸውን ያወልቁና ከጥያቄው በፊት እንዲነበብ የታዘዘውን ቃል ያነብባሉ፤ የሚነግሩኝ ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል የሚለውን። ሌሎቹ ይህን ቃል ለማንም አንብበው አያውቁም፤ የሚያነብቡለትም ሰው የላቸውም። እሳቸው ግን እንደ መሐላ ነው የሚያነብቡት፤ ሰዎቹም እንደ መሐላ ይቀበሉታል። አንዳንዱማ ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል።

ሥራው ተገባደደ ሲባል ከማእከሉ ደብዳቤ መጣ። ተቆጣጣሪዋ አባ ሰባትን ጠባቧ ቢሮዋ አስጠርታ፣ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ወረቀት አንሥታ አስቀመጠቻቸው። ልጃቸው የምትሆን፣ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ሴት ናት፤ እሳቸውን ደግሞ እንደ አባት ነው የምታከብረው። ስለዚህ ደብዳቤውን ስታነብላቸው ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። በዚህ አገር አንድ ሰው ለመጠየቅ በአማካይ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሲበቃ፣ ጠያቂ ቁጥር አምስት፣ ማለትም አባ ሰባት፣ ሃምሳ አራት ይፈጅበታል። የሌሎቹ ተጠያቂዎች በመጀመሪያው ቀን ቤታቸው ሲገኙ፣ የእሱ ተጠያቂዎች ሦስትና አራት ጊዜ ይታጣሉ። ሌላው ሕዝብ ሁሉን ሲያውቅ፣ የእሱ ሰዎች ከስድስት ጥያቄ አንዱን አላውቅም ይላሉ። ከሁሉ የከፋው፣ አገሩ በሙሉ ሰው ይታመናል ሲል የእሱ ሰዎች መጠንቀቅ ይሻላል ይላሉ። ማእከሉ ሐሰትን የሚይዘው በዚህ ዘዴ ነው፤ ከአማካዩ የራቀ ይጠረጠራል። ስለዚህ ጠያቂ ቁጥር አምስት መልሶቹን ከራሱ ፈጥሮ ሳይሆን አይቀርም፤ ይጣራና እውነት ሆኖ ከተገኘ ስሙ ለአርባ ሁለቱም አገሮች ይተላለፋል ይላል ደብዳቤው።

አባ ሰባት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከሰፈራቸው ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አሁን በአርባ ሁለት አገር ሊታወቅ ነው፤ ሐሰተኛ ተብሎ። ያላቸው ሀብት ደግሞ ስማቸው ብቻ ነው።

«መልካም» አሉ። «በሩም ሰውም የትም አልሄደም፤ ሄደሽ ጠይቂ።»

ተቆጣጣሪዋ ለማመዛዘን ያህል ከንፋስ ሰዎች አምስቱን፣ ከአባ ሰባት ሰዎች አምስቱን መረጠች። የንፋስ ሰዎች ስልክ ስለ ነበራቸው በስልክ ጠየቀቻቸው። ንፋስ ለፈጠራቸው ሰዎች የመዘገበው ስልክ የአክስቱ፣ የአክስቱ ልጆችና የሁለት የጨዋታ ጓደኞቹ ነው። አዎ፣ መጥቷል፣ ትሑት ልጅ ነው አሉ አንድ በአንድ። አክስቱ ብቻ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ትንሽ ደንገጥ ብለው፣ የተጻፈው ስንት ይላል ብለው መልሰው ጠየቁ። ተቆጣጣሪዋ ሰዓት እየሄደባት ነበርና እንደ ቀልድ አለፈችው።

ወደ አባ ሰባት ሰዎች ግን በእግሯ ሄደች። የመጀመሪያው ዘበኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም አላት። ሁለተኛዋ ተማሪ በሩን ገርበብ እንዳደረገች አልመጣም ብላ ዘጋችው። ሦስተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ ሳታወጣ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። አራተኛውም አምስተኛውም ያው ናቸው።

ይህን ሲሰሙ አባ ሰባት ሰማይ የተደፋባቸው መሰላቸው። ቤታቸው ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ባለቤታቸው አይታቸው፣ የእኔን ሐሳብ የምትጠይቅበት ቀን የመጣ ይመስላል፣ ምን ሆነህ ነው አለቻቸው። ሲነግሯት ሳቋ ጠፋ። እሳቸው ራሳቸውን መጠራጠር ጀምረው ነበር፤ እውን ሄጃለሁ? እሷ ግን የጫማቸውን ሶል ገልብጣ አሳየቻቸው፤ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ያስለወጠችው ነው።

በማግሥቱ ተቆጣጣሪዋን አብረን እንሂድ አሏት። ማእከሉ አይፈቅድም፣ መመሪያ ነው አለች። ገጽ መቶ ሠላሳ አንድ፣ ሁለተኛው መስመር፣ ጥርጣሬ ሲኖር ተቆጣጣሪ ከጠያቂው ጋር መመለስ ይችላል ይላል አሏት። ገልጣ አየችው፤ ይላል። ለካ መጽሐፉን ጨርሶ ያነበበ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርሱ ሴትዮዋ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። አባ ሰባትን ስታይ ሰላም እንኳ አላለቻቸውም።

«እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«ኧረ አላውቃቸውም» አለች። እያለችም ከወንበር ላይ ጨርቁን አንሥታ ለአባ ሰባት አቀረበችላቸው፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለችና ትራስም ጨመረችበት።

ተቆጣጣሪዋ ወንበሩን አየች፤ ትራሱን አየች።

«ልጄ፣ ንገሪያት ግዴለም» አሉ አባ ሰባት።

«እርግጠኛ ነዎት? ምስጢር ነው ብለውኝ አልነበር እንዴ? እኔ እኮ ለእህቴም ትንፍሽ አላልኩ።»

«ምስጢሩን የማልኩልሽ እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አልማልሽም።»

«ታዲያ አንድ ሰው ብቻውን ምስጢር ይጠብቃል?» አለች። ከዚህ በኋላ አፏ ተፈታ። ሦስት ጊዜ መጥተው አጥተዋታል፤ በአራተኛው አግኝተዋት ጥያቄው ሲያልቅ የምትሰፋው ቀሚስም አልቆ ነበር። አላውቅም ያለችውን አላውቅም ብለው ነው የጻፉላት፤ እስቲ ገምቺ አላሏትም። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረች። «አንቺ ደግሞ፣ ሰው ይታመናል ወይ ብሎ ጠያቂ የሚልክ መሥሪያ ቤት፣ ከኋላው ሰላይ ይልካል? እኔማ መጠንቀቅ ይሻላል ማለቴ ልክ ነበርኩ።»

ሌሎቹ አራትም እንደዚሁ ነበሩ። ዘበኛው እንዲያውም ተቆጣጣሪዋን ፖሊስ ናት ብሎ ጠርጥሮ፣ ሰውዬው ከመጡ እንዲያመልጡ የጓሮውን በር ሳይቆልፍ ሰንብቷል።

ታብሌቱ «መጥቷል» እና «አልመጣም» ከሚሉ ሁለት ሳጥኖች በቀር ሌላ ስላልነበረው፣ ተቆጣጣሪዋ ነገሩን በአራት ገጽ ጽፋ ላከች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማእከሉ በአድናቆት መለሰ። ጠያቂ ቁጥር አምስት ነጻ ነው፤ ትክክለኛው አሠራር የእሱ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሃምሳ አራት ደቂቃ፣ እስከ አራት ምልልስ፣ ከስድስት አንድ አላውቅም፤ ይህ መለኪያ ይሁን፣ ሰባቱም ሥራቸውን እንደገና ይሥሩ አለ። ሁሉም የንፋስ ነገር አበቃ ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ንፋስ ግን ደብዳቤውን አንብቦ ሻይ አዘዘ።

በወሩ የሰባቱም ሥራ ገባ፤ እንከን አልወጣለትም። ታብሌቱን ይከፍቱና ካርታ ይጫወታሉ፤ ሃምሳ አራት ደቂቃ ሲሞላ ዜጋው ይሰናበታል። በተመረጠው በር ፊት ለፊት አራት ጊዜ እየተመላለሱ ያልፋሉ፤ አያንኳኩም እንጂ መመላለሱ እውነት ነው፤ አንዱ እንዲያውም ቦርጩ ጠፋለት። ከስድስት መልስ አንዱ አላውቅም ይላል፤ ከአምስትም አይጎድል፣ ከሰባትም አይተርፍ። የተፈጠረው ሕዝብ በአንድ ወር ውስጥ ጥርጣሬ ተማረ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሁለት ጠረጴዛ ጨመረ። ንፋስ አባ ሰባትን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ፣ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መምህራችን ነዎት አላቸው፤ ሲቀልድም አልነበረም።

ከማእከሉ ለአባ ሰባት የምስክር ወረቀት መጣ፤ ማኅተም ያለበት፣ በወፍራም ወረቀት የታተመ። ተቆጣጣሪዋ በደስታ እቤታቸው ድረስ ይዛው ሄደች። የጠያቂ ቁጥር አምስት ሥራ ከአገሩ አማካይ ጋር በፍጹም ይስማማል ይላል።

አባ ሰባት መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ እኔ የተስማማሁት ከማን ጋር ነው?»

 የንፋስ አክስት ድምፅ፣ የተጻፈው ስንት ይላል ያሉት፣ ተቆጣጣሪዋ ጆሮ ላይ መጣባት።

«ጻፊላቸው» አሉ። «አልስማማም በያቸው።»

«ጋሼ፣ እንደገና እርስዎን ነው የሚጠረጥሩት።»

«ልጠርጠር። ሐሰተኛ ናቸው ተብሎ ከሚጻፍብኝ፣ ከሐሰተኞች ጋር አንድ ናቸው ተብሎ መመስከሩ ይብሳል።»

ወረቀቱን መለሱላት። እሷም እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ ብላ ጻፈች፤ እሳቸው ቆመው ጠበቁ። ስትጨርስ አንብቢልኝ አሏት፤ ቃል በቃል አነበበችላቸው። ሰባቱ ጠያቂዎች ስለሚያጠራጥሩ ይባረሩ የሚለው ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እሱን አውጪው። እነሱም ሳይጠየቁ አይፈረድባቸውም። ጠይቀናል ያሉበት በር ሁሉ ይንኳኳ በይ።»

«ሦስት መቶ ሃምሳ በር ነው እኮ ጋሼ። ማን ያንኳኳል?»

አባ ሰባት ወደ እግሯ አዩ። ቀጭን ተረከዝ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ የቢሮ ጫማ ነው ያደረገችው። ባለቤታቸውን ጠሩና፣ ያንቺ ጫማ ለዚህች ልጅ ልኳ ይሆን እንደሆነ እስቲ አምጪው አሏት።