የትንሣኤው ካሴት

የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲዎቼን በአቀናባሪዎቹ ስም ተራ ስደረድር የአንዱ ክዳን ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ድምፁ በደርግ ጊዜ ወደነበርንበት የንፋስ መውጫ ቤታችን ወሰደኝ።

አያቴ በአቅራቢያችን ባለው የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ፣ የዜማ መምህር ነበሩ። አስተማሪው አባቴ ዜማቸውን በካሴት ቀድቶ በበዓላቱ ቅደም ተከተል ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። በዐቢይ ጾም ከበሮ ስለማይመታ፣ ጾሙ ሲገባ ከበሮ ያለባቸውን ካሴቶች በነጠላ ጠቅልዬ ከሳጥኑ ሥር የማስተኛቸው እኔ ነበርኩ። ትእዛዙ የአያቴ ነው።

አንድ ዓመት አያቴ ታመው እኛ ቤት ተኙ። ጾሙ ሳይጋመስ አባቴን ጠሩት።

«የትንሣኤውን አውጣልኝ።»

«አባባ፣ ጾም ነው እኮ!»

«ጾም መሆኑን ለእኔ ልትነግረኝ ነው? አውጣ።»

ቀኑ የጠፋባቸው መስሎኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ «አባባ፣ ፋሲካ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ለእናንተ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

አባቴ ካሴቱን ከሳጥኑ ሥር አውጥቶ ከነጠላው ፈታው። ከዚያ በሩን ዘጋና ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ቀንሶ ቴፑን ወደ ራስጌያቸው አስጠጋ። የአያቴ የጉልምስና ድምፅ ከከበሮው ጋር ወጣ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና «ይኸ ከበሮ መቺ አሁንም ይቸኩላል» አሉ። አባቴ እየሳቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አያቴ ለፋሲካ አልደረሱም። ያን ቀን ኃጢአት የሠራን መስሎኝ ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የሚያስፈራኝ፣ አባቴ እምቢ ብሏቸው ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ነው።