የእንግዳው ግራ ዓይን

አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መነጽር ስትሠራ የኖረች ሴት ነበረች። ጠባቧ ሱቋ በአንድ በኩል መስተዋት የምትሞርድበት መኪና፣ በሌላው በኩል ፊደል የተደረደረበት ሰሌዳ ነበራት። ደንበኛው ገና ከበሩ ሲገባ፣ «ግራው ነው አይደል ያስቸገረህ?» ትለዋለች። አትስትም።

እኔ ያን ጊዜ አዲስ መምህር ሆኜ እርሷ ዘንድ ተጠግቼ እኖር ነበርና እንግዳው የመጣበትን ቀን አልረሳውም። አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር የመስተዋት ገንዳውን ታቅፎ ቤታችን መጣ። በውስጡ ከእንቁራሪት ወገን የሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከውኃ የማይወጣ፣ ባለ አራት እግርና ባለ ጅራት ሐመር ፍጥረት አለ። የሚተነፍስበት ስንጥብ ከአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ ተበትኗል። አክሶሎትል ይሉታል። ቀኝ ዓይኑ ጥቁር ነጥብ ሲሆን፣ ግራው ግን አበጥ ብሎ ነጭ ጉም ጋርዶታል።

«ይህን ዓይን ያየ ሁሉ አልወስድም አለኝ» አለ መምህሩ።

«ዓይን ከሆነማ ቤቱን አልሳትክም!» አለች አክስቴ።

ውኃው ቀዝቀዝ ይበል፣ በሁለት ቀን አንዴ የምድር ትል ይበቃዋል ብሎን ሄደ። ስሙን እንኳ አልነገረንም፤ እንግዳው አልነው።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ ዕረፍት አጣች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት፣ ቀትር ላይ፣ ስትመለስም ኮቷን ሳታወልቅ፣ ማታም ደጋግማ ትንሿን ባትሪ ከኪሷ አውጥታ ታበራበታለች። ጣቷን ከመስተዋቱ ውጭ ወዲያ ወዲህ ታመላልሳለች። «ተከተለው! አንተ፣ ተከተለው እንጂ!» ከዚያም በደንበኞች መዝገብ ላይ «ግራ፦ አላየም» ብላ ትጽፋለች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ «እትዬ፣ ለዓሣሽ መነጽር አልደረሰለትም?» ይላታል።

«ዓሣ አይደለም አልኩህ!»

«ታዲያ ጆሮ ከሌለው ምኑ ላይ ታንጠለጥይዋለሽ?»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። እንግዳው ግን በሁለተኛው ሳምንት መብላት አቆመ። ጥግ ይዞ ተጣብቆ ይውላል፤ ላባ መሳዩ ስንጥቡም ወደ ፊት ታጠፈ። አክስቴ ተቀምጣ ትነሣለች፣ በር ትከፍትና ትዘጋለች፣ የጀመረችውን ሻይ ትረሳዋለች። «በእጄ ሊሞት ነው» አለችኝ፤ «ዓይን አውቃለሁ ብዬ ተቀብዬ!»

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሱቁ ስደርስ የከተማችንን የእንስሳት ሐኪም ዓይን ትለካ ነበር። ብረቱን የሙከራ መነጽር አፍንጫው ላይ አድርጋለት ሰሌዳውን ያነብባል። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ብድግ አለች። «ዶክተር፣ ይቅርታህን፤ ልቤ እዚህ የለም፤ ቤት የታመመ እንስሳ አለኝ» ብላ ወጣች። ሐኪሙም የሙከራ መነጽሩን ሳያወልቅ ተከተላት፤ በመንገዱ ያለው ሁሉ ዞሮ እያየው ቤት ገባን።

አጎንብሶ ብዙ ቆየ። «እትዬ፣ ይህ ዓይን ከተፈጥሮው ነው። አይድንም፤ አያምመውምም።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

አክስቴ ይህን እያለች ባትሪዋን አበራች፤ እንግዳው ተሸማቅቆ ወደ ጥጉ ሸሸ። ሐኪሙ እጇን ያዘ። «በቀን ስንት ጊዜ ታበሪበታለሽ?»

«አምስት... ስድስት።»

«የዓይን ቆብ የለውም እኮ። መጨፈን አይችልም።»

አክስቴ ለእያንዳንዱ ደንበኛ፣ መብራቱን ከዓይኑ እንዳነሣች፣ «ጨፈን አድርግ፣ ይረፍልህ» የምትል ሴት ናት። ባትሪውን አጠፋች። የመስኮቱን መጋረጃ ሳበች፤ የራሷን ሻሽ ገንዳው ላይ ጣል አደረገች።

«ምግቡን የሚያገኘው በማየት አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ያሸታል፤ የውኃውንም ንቅናቄ ያውቃል።»

በሦስተኛው ቀን ትሉን በወረንጦ ይዛ በጨለመው ዓይኑ በኩል ወደ አፍንጫው አስጠጋችው። «እትዬ፣ ተይ እኔ ልያዝልሽ» አልኳት። «ዝም በል!» ጠበቅን። ድንገት ራሱን ወርወር አደረገና ዋጥ! ወረንጦውን ለቀቀችው።

እንግዳው ዓመታት ኖረ፤ ዓይኑ እንደ ተጋረደ። አክስቴ ግን በገንዳው አጠገብ ባለፈች ቁጥር እጇ ወደ ኪሷ መግባቱን አልተወም፤ ስለዚህም ባትሪውን ሱቅ ውስጥ ቆልፋበት መምጣት ጀመረች። አንዳንድ ቀን መቆለፏን ለማረጋገጥ ከመንገድ ትመለስ ነበር።