የገመቹ ወፍራም ክር

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰብለ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና የሁለት ጊታሮች ፎቶ አሳየችኝ። አንዱ ቡናማ፣ ለስላሳ መልክ ያለው ነው፤ ሌላው ጥቁርና ቀንዳም። «አባዬ፣ ሮክም ሜታልም መጫወት እፈልጋለሁ፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር በአይብ እየበላሁ ነበርና ሳቄ ሲመጣ ሊያንቀኝ ምንም አልቀረውም። በዚህ ጥያቄ የተነሳ በወጣትነቴ አንድ ሰው በድያለሁ። «እስቲ ገመቹን እንጠይቀው» ብዬ አለፍኩት።

ገመቹ በነቀምቴ የመምህራን ማሠልጠኛ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ የጎጃሜ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ እሱ ከቄለም በኩል ከገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ግን እሳት የሆነ ልጅ ነበር። ሥራ ካቆመ የሙዚቃ ቡድን አንድ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር በመዋጮ ገዛን። ከእሱ ጋር አንድ ትንሽ አምፕሊፋየርና በእግር ስትረገጥ ድምፁን የምታሻክር፣ ዲስቶርሽን የምትባል ሳጥን ደረሰችን። ሀብታችን ይኸው ነበር።

ጠባችንም ከዚያው ጀመረ። እኔ የሮክ ሰው ነኝ። ክሩ ቀጭን ሆኖ በጣት ሲገፋ እንዲያለቅስ፣ ድምፁ ሻከር ቢልም ሙቀቱ እንዳይለየው እፈልጋለሁ። ስለዚህ የክሩን ንዝረት ከሚቀበሉት ማግኔቶች በአንገቱ በኩል ያለውን ብቻ እከፍታለሁ፤ ሳጥኗን ብዙም አልረግጣትም። ገመቹ ደግሞ ሜታል ካልሆነ ሙዚቃ አይመስለውም። ክሩ ወፍራም፣ ቅኝቱ ወረድ ያለ፣ ማግኔቱ ከታች ክሮቹ ከታሰሩበት አጠገብ ያለው፣ ሳጥኗም እስከ መጨረሻ የተጠመዘዘች መሆን አለባት። እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማን «ያንተ ያለቅሳል፣ የእሱ ይሳደባል» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለቱ የሙዚቃ ዓይነቶች ከዚህ የተሻለ ትንታኔ ሰምቼ አላውቅም።

የጊታር ክር ነቀምቴ ውስጥ ስለማይገኝ ያረጀውን በውሃ ቀቅለን ድምፁን እንመልስለት ነበር። እናቴ አንድ ቀን ድስቷን ከፍታ «ዛሬ ደግሞ የሽቦ ወጥ ነው?» አለችን። በየሳምንቱ ክር መቀያየሩ ሲሰለቸን ታረቅን፤ ሦስቱ ወፍራሞች እንደ እሱ ፍላጎት፣ ሦስቱ ቀጫጭኖች እንደ እኔ ፍላጎት ተወጠሩ። ጊታሩን እንደ ርስት ተካፈልነው ማለት ነው።

ትምህርታችንን ስንጨርስ የምድብ ቦታ ዕጣ ወጣ። ለእኔ ጊምቢ ደረሰኝ፤ ለገመቹ አንገር ጉቲን። ታዲያ ጊታሩን ማን ይውሰድ? ተጨቃጨቅን፤ ተኳረፍን። በመጨረሻ በስንብቱ ዝግጅት ላይ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ዜማ እንድንጫወትና ተማሪው እጅ አውጥቶ እንዲፈርድ ተስማማን። የተረታ ባዶ እጁን ይሄዳል።

ለዝግጅቱ አንድ ቀን ሲቀረው የገመቹ ከሁሉም የወፈረው ክር ተበጠሰ። የእሱ ሙዚቃ በሙሉ የቆመው በዚያ ክር ላይ ነው። በዝናብ እየተደበደብን ክራር ወደሚሠሩት ወደ ኦቦ ታሲሳ ሄድን። ሽማግሌው ጊታሩን አገላብጠው አዩና አንድ ወፍራም የበግ ጅማት መርጠው አሰሩልን። ቢመቱት አጉረመረመ። ገመቹ ደስ ብሎት «ገለቶማ አባኮ!» ብሎ አመሰገናቸው። ከተማው መብራት ጠፍቶበት ስለነበር በአምፕሊፋየር መሞከር አልቻልንም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለና «ደሱ፣ በአምፕሊፋየሩ ይሰማል አይደል?» አለኝ።

እኔ አውቅ ነበር። ጊታሩን የሸጠልን ሰው፣ ገመቹ በሌለበት፣ ማግኔቱ ብረት እንጂ ጅማትም ናይለንም እንደማይሰማ ነግሮኛል። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ለምን አይሰማም?» አልኩት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መብራቱም መጣ። ገመቹ ቀድሞ ወጣ። ሳጥኗን ሲረግጣት አምፕሊፋየሩ እሽሽሽ አለ፤ ሰውም ጸጥ አለ። እጁን አንሥቶ ወፍራሙን ክር መታው። ምንም። ደግሞ መታው። ምንም። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነካካ፣ ማግኔቱን ቀየረ፣ እንደገና መታው። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተለው። በቀሩት ክሮች ሊጨርሰው ሞከረ፤ ግን ምሰሶው የተነቀለ ቤት ነበር። እኔ ከእሱ ቀጥዬ ወጣሁና ጊታሩን አስለቀስኩት። እጅ ሲወጣ ደን መሰለ።

ገመቹ ወደ እኔ መጥቶ ጨበጠኝ። «ጀባዱ» አለኝ፤ በርታ ማለቱ ነው። ቀጥሎም «ጥፋቱ የእጄ ነው። ሜታል የእኔ ነገር አይደለም መሰለኝ፤ ትቼዋለሁ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጊታሩን ብቻ የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በገዛ እጁ ላይ ያለውን እምነት ጭምር ነው የወሰድኩት። ቤት ገብቼ እናቴ ያቀረበችልኝን እራት ሳልነካው ተነሳሁ።

የሚሄድበት ቀን በማለዳ ጊታሩን ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። እሱ ከጆንያዎች መካከል፣ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ቆሜ «ገሜ፣ ማግኔቱ ጅማት አይሰማም። የዚያን ዕለት አውቅ ነበር» አልኩት።

ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ዱጋ?» አለ። «እውነትህን ነው?» ማለቱ ነበር።

«እውነቴን ነው።»

ከላይ እጁን ዘርግቶ ጊታሩን ተቀበለኝ፤ ተቀበለኝ ከምል ነጠቀኝ ብል ይሻላል። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጄን አነሳሁ። ፊቱን አዞረ።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ ደረሰኝ። በዚያ ዘመን የደብዳቤ ግማሹ ሰላምታ ነበር፤ የእሱ ግን እንደምን ሰነበትክ እንኳ አልነበረበትም። «እዚህ መብራት የለም። አገጬን ጊታሩ ላይ አስደግፌ እመታለሁ፣ አጥንቴ ውስጥ ይሰማኛል። ጅማቱን ፈትቼ የብስክሌት ፍሬን ገመድ አስሬያለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር አለው። አምፕሊፋየሩንና ሳጥኗን ይዘህ ና።»

ሄድኩ። አምፕሊፋየሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አቧራ እየቃምኩ፣ መኪናው በየጉድጓዱ ባነጠረን ቁጥር እንዳይሰበር እንደ አራስ ልጅ አቅፌው። ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ነበርና ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ የቀን ሠራተኞች ለውዝ እየፈለፈሉ ተቀምጠዋል። ገመቹ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ሰካካና ሳጥኗን ረገጠ። የፍሬኑን ገመድ ሲመታው ደረቴ ውስጥ ገባ፤ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ሴት ለውዟን ደፍታ ተነሳች፤ ሌሎቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡ። ሜታል ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያኔ ነው። ስድብ አልነበረም። የአንድ ዝምተኛ ሰው ሙሉ ድምፅ ነበር። ጨርሶ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ጊታሩን ዘረጋልኝ። «በል ደሱ፣ አንተ ደግሞ አልቅስበት!» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔም ዕንባ አቅርሮ ነበር፤ በአቧራው አሳበብኩ።

ገመቹ ኋላ ወደ ነቀምቴ ተዛውሮ አሁን እዚሁ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው የሚኖረው። ሰብለ ትናንት ደውላ ሁለቱን ጊታሮች ስትገልጽለት በትዕግሥት ሰማት። አንድ ጊታር ለሁለቱም ሙዚቃ ይሆናል አላት፤ ወፍራም ድምፅ የሚሰጥ ማግኔት ከታች፣ ለስላሳ የሚሰጥ ደግሞ ከላይ ያለው ይሁን፤ ክሩም መካከለኛ። ሰው ሁሉን በአንድ ዕቃ ማግኘት እየቻለ እኛ ምን አጣላን እያልኩ በጎን አዳምጥ ነበር።

እኔ ይቅርታ በቃል ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ይቅር ብዬሃለሁ ብሎኝ አያውቅም። ልጆቻችንን አብረን ድረናል፤ በመከራም በደስታም አልተለያየንም። የይቅርታው ነገር ድሮ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን ለሰብለ እንዲህ ሲላት ሰማሁት፤ «ክሩን ቅዳሜ እኔው መጥቼ አስርልሻለሁ። አባትሽን እንዳታስነኪ።»