የአባቴን ስም የጠራሁበት ምሳ

ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ መላኩ «የአባትህ ስም ማን ነበር ያልከኝ?» አለኝ...

«ተፈራ» አልኩት ፈጠን ብዬ። ውሸቴን ነው። ካይሮ ውስጥ ለሐበሻ ሁሉ ሳምሶን ተፈራ ነበርኩ። በፖለቲካ የተሰደድኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ መሆኔ በእውነተኛ ስሜ አገር ቤት ከተሰማ ታናሽ ወንድሜን ያስሩብኛል ብዬ እፈራ ነበር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ነው። የካይሮ ሀብታሞች ሰፈር ዛማሌክ ውስጥ አንዲት ጆርጂያዊት ሴትዮ የከፈተቻት ትንሽ ምግብ ቤት ነበረች። የጋበዘን መላኩ ነው፤ ከተዋወቅነው ገና ሁለት ወሩ። ስደተኛ ስደተኛን ዛማሌክ ድረስ ወስዶ ምን አስጋበዘው? አይን ሻምስ ሰፈር አንድ ቤት አብሮኝ የሚኖረውን ጓደኛዬን፣ ክፍሌን፣ በጠረጴዛው ስር ረገጥኩት። እሱ ምን ገዶት! ስጋ የተቋጠረበትን የተቀቀለ ሊጥ እየመጠጠ መረቁ በአገጩ ይወርዳል።

መላኩ ደግሞ ጥያቄው አያልቅም። የት ተማርክ... ከማን ጋር ወጣህ... ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ለመማል ምንም አልቀረኝም።

ወይኑ ሲመጣ ሴትየዋ በተሰባበረ አረብኛ «ቆይ!» አለችን። በአገሯ ደንብ ሰው ተነስቶ የሞተበትን በስሙ ሳይጠራ አይጠጣም አሉ። «ያላ፣ ካንተ እንጀምር» ብላ እኔን አስነሳችኝ።

አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። መርዶውን በስልክ ነው የሰማሁት፤ ለቅሶ እንኳን አልተቀመጥኩም። ብርጭቆውን አነሳሁ...

«ለአባቴ፣ ለአቶ ዘለቀ» አልኩ።

ካመለጠኝ በኋላ ነው የነቃሁት። የወንድሜ ፊት ድቅን አለብኝ።

«ተፈራ አልነበረም እንዴ?» አለ መላኩ ቀስ ብሎ። እሱም ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። እኛ የምናውቀው መላኩ በቀለ መሆኑን ነው።

«ለአባቴ፣ ለሻምበል ደምሴ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ... ዛሬ የጋበዝኳችሁ አንተን ላጣራ ነበር። ጆሮ ጠቢ መስለኸኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለካ አንተም እንደኔ ስምህን ደብቀህ የምትሸሽ ሰው ነህ።»

ተቃቅፈን እያለቀስን ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ። ከዚያ የእሱን ተራ እየጠበቅን ሁለታችንም ወደ ክፍሌ ዞርን።

ክፍሌ ቀና ሳይል ሌላ ሊጥ አነሳ። «የኔ አባት በሕይወት አለ» አለ።

ከክፍሌ ጋር ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል... የአባቱን ስም እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።