ጋቢ ያጠላባት ዜማ

ጋሽ መብርሃቶም ሰው አያምኑም። በቃ፣ አያምኑም! ካዛንቺስ ባንጆ የሚባለውን ያየው በእሳቸው እጅ ነው፤ ሰፈርተኛው «ከበሮ ላይ ክራር ገጠሙበት» ብሎ ስቋል። በልጅነታቸው አስመራ ሳሉ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ነው ብሉግራስ የሚሉትን የአገሩን የገጠር ሙዚቃ ያስለመዳቸው። መሥሪያ ቤት ማኅተም ሲመቱ ሰንብተው ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ያውም ጋቢያቸውን ቀኝ ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ ጣታቸውን ማንም እንዳያይባቸው!

እናታቸው የሞቱ ጊዜ አንዲት ዜማ አወጡላቸው። እሷንማ ከነፍሳቸው አስበልጠው ጠበቋት። ካሴት ሲያስቀዱ እንኳ ቀጂውን በጎሪጥ እያዩ መሃሏን ሆን ብለው አበላሹት። እሱ ሲያደንቃቸው እሳቸው በሆዳቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት የሚጫወቱት የተበላሸችውን ነበር፤ ትክክለኛዋን በር ቆልፈው፣ ብቻቸውን።

ከታመሙ ወዲህ ሦስት ዓመት ባንጆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ዘንድሮ ሰምሃል የምትባል ልጅ ከጎተራ ሰፈር ባንጆ አዝላ መጣች።

«ማን ላከሽ?» አሏት ገና ከበር።

«ማንም ጋሼ። ዜማዎን ሬዲዮ ላይ ልጫወት ነው፤ ስምዎን ጠርቼ። ማለቴ… መጀመሪያ ይስሙኝ ብዬ ነው።»

ተጫወተች። ከካሴቱ ነው የለመደችው፤ ብልሽቷ እንኳ ሳትቀር!

«ተሸወድሽ!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ግን ወዲያው ከዳቸው። እናታቸውን አገር የሚሰማቸው እንዲህ ተበላሽተው ነው?

«ታዲያ ትክክሉን ያሳዩኝ።»

«ስልክሽን በረንዳ ላይ አስቀምጪ።» አስቀመጠች። ቦርሳዋንም አስወጧት። ከዚያ ባንጆውን ከግድግዳው አወረዱ፤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው እያየ፣ ጋቢውን ከክንዳቸው ላይ አነሱ።

መሃሏ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ወደ ብልሽቷ ሄደ። እንደገና ጀመሩ። አሁንም እዚያው። ላብ አጠመቃቸው። ለስንት ዓመት ሰው ሲያታልሉበት የኖሩት ጣት ሌላ መንገድ አላውቅም አለ።

«ወይኒ!» ብለው ባለቤታቸውን ተጣሩ። «ያቺ የእናቴ… መሃሏ እንዴት ነበር የምትለው?»

ወይኒ እጇን እያደራረቀች ብቅ አለች። ባንጆውን አየች፣ ፊታቸውን አየች።

«እኔ በምን አውቄ፣ መብርሃቶም?» አለች። «እሷን ስትጫወት እኮ እኔንም ታስወጣኝ ነበር።»