ገመቹን ያስወጣችው ጣት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ ለሃና አልነገርኩም። ለገመቹማ ጭራሽ። እኛ ጴንጤዎች የነፍስ አባት የለንም፤ ለጌታ ግን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ ነግሬውም አልቀለለኝም፤ ምክንያቱም ጌታ ድሮውንም ያውቀዋል፣ የማያውቀው ገመቹ ነው። እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ለዛሬ እናንተ የነፍስ አባት ሁኑልኝ። ብቻ ከአሁኑ ላሳውቃችሁ፦ ድንጋይ ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ አልመጣሁም። ያደረግኩትን አድርጌያለሁ። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ለምን እንዳደረግኩት ስትሰሙ ደግሞ ግማሾቻችሁ በሆዳችሁ "እኔም ብሆን" ማለታችሁ አይቀርም።

ነገሩ የሆነው ክሪኬት ሜዳ ላይ ነው። አዎ፣ ክሪኬት፣ እዚሁ አዳማ። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። በየእሁዱ በሜዳችን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይስቅብናል። ጋሪ ነጂው ፈረሱን አቁሞ "ይሄ ገና ጨዋታ ነው? ገና ከሆነ ታዲያ በሰኔ ምን አስጀመራችሁ?" ይለናል። ሜዳው የኳስ ተጫዋቾች ነው፤ እነሱ አስር ሰዓት ላይ ስለሚመጡ እኛ የሚደርሰን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ያለው፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳው ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የአዳማ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ዓይናችሁ ውስጥ ይሞጅረዋል። ያለችን አንዲት ኳስ እሾኽ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ስንፈልግ እንውላለን። ይህን ሁሉ ችዬ ሦስት ዓመት ተጫውቻለሁ። ተጫውቻለሁ ካልን ነው እንግዲህ።

ለማያውቅ ልንገር። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ሦስት የተተከሉ እንጨቶች ፊት ቆሞ ኳሷን ባት በሚባል ጠፍጣፋ ዱላ ይመታል። መቺዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ፤ ከሁለቱ አንዱ አውት ተብሎ ካልወጣ በቀር ቀጣዩ ተራ ጠባቂ ንቅንቅ አይልም። ውርወራው የተቆጠረ ነው፤ ካለቀ አለቀ፣ ያልገባ ሳይገባ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የጨዋታው ደስታ መምታት ነው። ሌላው ሁሉ መጠበቅ ነው። እኔ ስምንተኛ ነበርኩ።

ስምንተኛ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ? እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሰው ሰነድ ታቅፌ ከመስኮት መስኮት እሰለፋለሁ፤ "ሲስተም የለም"፣ "ነገ ና"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ስባል እሰነብታለሁ። እሁድ ደግሞ ልዝናና ብዬ መጥቼ ሌላ ሰልፍ! ሌላው ቡድን ሲመታ ሜዳው ዳር ሄጄ እንደ ዘበኛ እቆማለሁ፤ የኛ ቡድን ሲመታ ተራ እጠብቃለሁ፤ ተራዬ ሳይደርስ ውርወራው ያልቃል። በሦስት ዓመት ባት ጨብጬ የገባሁባቸውን ቀናት በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ ጣት ይተርፈኛል። የቡድናችን መሪ ኢንጅነር ሱሬሽ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ህንዳዊ፣ "ቢኒ፣ ትዕግስት፣ ትዕግስት" ይለኛል። ቀላል ነዋ፣ እሱ አንደኛ ነው የሚገባው!

እዚህ ጋ አንድ ልማዳችንን ልብ በሉልኝ፤ ኃጢአቴ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ደመወዝተኛ ዳኛ የለንም። የሚመታው ቡድን ከራሱ ተራ ጠባቂዎች አንዱን ዳኛ አድርጎ ያቆማል። አንዲት ነጭ ኮፍያ አለች፣ እሷን ያደረገ ዳኛ ነው። ጣቱን ካነሳ መቺው አውት ነው፣ ክርክር የለም። የዳኛው ተራ ሲደርስ ኮፍያዋን ለወጣው ሰው አድርጎ ከሱ ባቱን ይቀበላል። በዚህ ዳኝነት ስንቴ ተጣልተናል! ጠቡ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ለራስህ ሰው አደላህ!" የራሱን ሰው ያለአግባብ የሚያስወጣ ዳኛ ይኖራል ብሎ የጠረጠረ የለም። ማን አብዶ?

ገመቹ የባጃጅ ሾፌር ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የቆቃ ልጅ ነው፤ ኢንጅነሩን በባጃጅ ወደ ሜዳ ሲያመላልስ ቆሞ አይቶ፣ አንድ ቀን "እስቲ እኔም ልሞክር" ብሎ የገባ ነው። ባቱን በያዘ በወሩ ሁላችንንም በለጠን። ምቀኝነት አለብህ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አለብኝ። ግን እወደውም ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ። "ጋሼ" ይለኛል፤ ሲያገኘኝ "አካም ጋሼ!" ብሎ በትከሻው ይገጨኛል። ኳሷን ሲመታት ቋ የምትለው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። የእንጨት ድምፅ ነው። ይቺን የእንጨት ድምፅ ያዙልኝ።

የዚያን እሁድ ከአዲስ አበባ ቡድን መጣብን። አብረው ሁለት መራጮች መጡ፤ ውጭ አገር ሄዶ ለሚጫወት የወጣቶች ቡድን ልጅ ሊመለምሉ። ከሃያ አራት ዓመት በላይ አይወስዱም፤ ለገመቹ የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። ኢንጅነሩ ከጨዋታው በፊት ሰብስቦን "ገመቹ ዛሬ ሃምሳ ነጥብ ከመታ ይወስዱታል፣ እርግጠኛ ነኝ" አለን። ሁላችንም ሰማን። እኔም ሰማሁ። አልሰማሁም አልልም።

የዚያኑ ቀን ደግሞ ሃና በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ይዛ ልታየኝ መጥታለች። ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዘው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላም ልበላቸው ብዬ ስሄድ "ዛሬ ትመታለህ አይደል?" አለችኝ። "እንዴታ!" አልኳት። ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሜዳው ዳር ተገትሬ ዋልኩ። አማቴ ሃናን "አንቺ፣ ልጁን የሚያቆሙት ተቀጥቶ ነው?" ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። ሃና ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔን ግን አንጀቴ ድረስ ገባ።

የኛ ተራ ሆነ። አምስት ሰው ወጣ፣ ቀጣዩ እኔ ሆንኩ። ነጯን ኮፍያ አድርጌ እንጨቶቹ አጠገብ ዳኛ ሆኜ ቆምኩ። ገመቹ አርባ ሦስት ነጥብ መቷል። አስራ ስምንት ውርወራ ቀርቷል። ሰባት ነጥብ ለሱ ምን ነበረች! እሱ ካልወጣ፣ ጓደኛውም ካልወጣ፣ እኔ እንደለመድኩት ኮፍያዬን አውልቄ ወደ ዛፉ ሥር ልሄድ ነው። ለአማቴ ምን ልላቸው?

ወርዋሪው ሮጦ መጣ። ኳሷ ነጥራ ወደ ውስጥ ታጠፈችና የገመቹን ጭን ታክካ አለፈች፤ ከኋላ ያለው ተቀባይ ቀለባት። ድምፅ ነበረ። ሁሉም ሰምቷል። ባት ነክታ ከሆነ አውት ነው፣ ባት ካልነካች ምንም አይደለም። አስራ አንዱም እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው ጮኹ።

ድምፁ ቅጭል ነበር የሚለው። የብረት ድምፅ። ገመቹ የባጃጁን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ረስቶት ገብቷል፤ ኳሷ የነካችው ኪሱን ነው። አላመነታሁም። "ምናልባት" አላልኩም። ፀሐይ አልመታኝም፣ አቧራ ዓይኔ ውስጥ አልገባም። እንጨት አለመሆኑን አወቅሁ፣ ቁልፍ መሆኑን አወቅሁ፣ እያወቅሁ ጣቴን አነሳሁ። እኔ፣ ቢንያም፣ ይቺን ጣት።

ገመቹ አየኝ። ሊከራከር ይችል ነበር፤ ኪሱን መታ መታ አድርጎ ቁልፉን ሊያሳየኝ ይችል ነበር። አላደረገውም። መጣ፣ ባቱን ሰጠኝ፣ ኮፍያዬን ተቀበለኝ። የባቱ እጀታ በላቡ ርሷል። "ጋሼ፣ ዝቅ ብላ ነው የምትመጣው፣ ተጠንቀቅ" አለኝ። መከረኝ! እኔን!

ከዛፉ ሥር ሃና ስታጨበጭብ ሰማሁ። ወርዋሪው መጣ። ኳሷ ዝቅ ብላ መጣች። ባቴ አየር ቀዘፈ፣ ከኋላዬ የመሃለኛው እንጨት ተነቀለ። አለቀ። ዳኛም አላስፈለገም። አንዲት ውርወራ፣ ዜሮ ነጥብ። የሰው ዕድል ሰርቄ የገዛሁባት ነገር ይቺ ናት። አማቴ "ገብቶ ወጣ እኮ፣ ምን ረስቶ ነው?" አሉ አሉ።

መራጮቹ ሁለት ልጆች መረጡ። ገመቹ ከነሱ መሃል አልነበረም። "ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ሃምሳ የሞሉ አሉን" ብለው ሄዱ።

አሁን ደግሞ ጉድ ስሙ። ኢንጅነር ሱሬሽ በሁለቱም ቡድን ፊት እጄን ጨበጠኝ። "ይሄ ሰው" አለ በዚያች በሚሰባብራት አማርኛው፣ "የራሱ ሰው፣ በዚህ ቀን፣ እውነት ስለሆነ አውት አለ!" አጨበጨቡልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳኛ ሲፈለግ የተጋጣሚ ቡድን ሳይቀር "ቢኒን ስጡን" ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም የሐሰት ፍርድ ፈርጄ አላውቅም። ለእናቴ ልጅም አላደላም። ሰርቆ የበላ ዘበኛ ሲሆን በሩን አጥብቆ ይዘጋል መሰለኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ልከላከለው እችላለሁ። ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ተራ ተነፍጌያለሁ፣ ሰው ነኝ። ከፈለጋችሁ ፍረዱብኝ፣ አልፈራችሁም። እናንተስ በሰልፍ መሃል ስንት ሰው ገፍታችሁ አልፋችኋል? አንድም ቀን አልገፋችሁም? እስቲ ማሉ።

የማልከላከለው ቀጥሎ ያለውን ነው። በሳምንቱ ገመቹ መጣ። ሊመታ ከመግባቱ በፊት ወደኔ መጥቶ የባጃጁን ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖረው። "ጋሼ፣ ያዝልኝ። ያን ለት ኪሴ ውስጥ ረስቼው አንተን አሳሳተህ። እንደዛ ሲጮህ ማንም ይሳሳታል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በልብህ እንዳትይዘው" አለኝ። ያወቀው ይሄንን ነው። ቁልፉ መሆኑን ያውቃል፤ እኔ ማወቄን ነው የማያውቀው። አፌን ከፍቼ ነበር። ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? "ጋሪዳ" አልኩት። ደህና ነው። በገዛ ቋንቋው፣ ይቅር ያልኩት መስዬ!

ይኸው አምስት ዓመት። በየእሁዱ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ በየእሁዱ እቀበለዋለሁ። ሲመታ ቆሜ ቁልፉን ጨብጬ አያለሁ። አሁንም ይመታል፤ አሁን የምናየው ግን ጋሪ ነጂውና እኔ ብቻ ነን። ጣቴን ያነሳሁት አንድ ጊዜ ነው። ቁልፉን የተቀበልኩት ስንት ጊዜ ነው?

ባለፈው እሁድ ኢንጅነር ሱሬሽን ሸኘነው፤ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊገባ ነው። ነጯን ኮፍያ ለቋሚ ዳኛ እናስረክብ ተባለ። ገመቹ ተነሳ። "እኔን ራሴን ያስወጣ ሰው ነው" አለ እየሳቀ፣ "ተሳስቶ ነበር፣ ግን ለኔ ብሎ እውነት የመሰለውን አልተወም። ከጋሼ ሌላ ለማን ልትሰጧት ነው?" ሁሉም አጨበጨበ። ሃና አጨበጨበች። እኔም ተነስቼ ተቀበልኳት።

ኮፍያዋ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ይህን የምጽፈው አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የእናንተን ሰባት ነጥብ አልወሰድኩም። ከነገ ወዲያ እሁድ ነው። ገመቹ ሊመታ ሲል እንደለመደው ቁልፉን ይዞ ይመጣል። እጄን አልዘረጋለትም። ኮፍያዋንና ይህን ወረቀት ነው የምሰጠው፤ እዚያው ሜዳው መሃል፣ ሁሉም እያየ ያንብበው። ይምታኝ፣ ይስደበኝ፣ ዳግመኛ ጋሼ አይበለኝ፣ መብቱ ነው። ደክሞኝ ነበር አልለውም፣ ሃና ስቃብኝ ነበር አልለውም። አንድ ነገር ብቻ እዚህ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው እንዲያየው እጽፍለታለሁ።

ገመቹ፣ ቁልፍህ አላሳሳተኝም። ብረት መሆኑን ሰምቼ ነው ጣቴን ያነሳሁት።